ከፎቁ ጀርባ ያለው ሰማይ

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው አሁንም ብድግ እላለሁ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ይሁን፣ እንግዳ ይዤ ይሁን፣ ጥዬው ደጅ ነኝ። ፊቴን ወደ ሰሜን አዙሬ እጀምርና አንገቴን አንጋጥጬ ቀስ እያልኩ ዙሪያውን እዞራለሁ። ጎረቤቶቼ መጀመሪያ ሰሞን "ምነው አስካለ፣ ምን መጣ?" እያሉ አብረውኝ ያንጋጥጡ ነበር። አሁን ለምደውኛል፤ ሰላም ብለውኝ ያልፋሉ። ጡረታ ከወጣሁ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። ያገኘኝ ሁሉ "ከእንግዲህ አርፈሽ ተቀመጪ" ይለኛል። ማን ነው የሚያርፈው? ዕድሜውን ሙሉ በየሦስት ሰዓቱ ሰማይ ሲጠራው የኖረ ሰው እንዴት ብሎ ነው የሚቀመጠው?

ሥራዬ የአየር ሁኔታ ተመልካችነት ነበር። ይህን ስል ሰው ሁሉ "በቴሌቪዥን ነዋ!" ይለኛል። አይደለም። ካርታ ፊት ቆመው ነገ ይዘንባል፣ ነገ ፀሐይ ነው የሚሉት ሌሎች ናቸው። እኛ በየጣቢያው ተበትነን የምንኖር ነን። ሙቀቱን፣ ነፋሱን፣ ዝናቡን እንለካለን፤ ደመናውን በዓይናችን አይተን ዓይነቱንና ከሰማዩ ስምንት እጅ ስንቱን እንደሸፈነ እንጽፋለን፤ ከዚያ በስልክ ወይ በሬዲዮ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት እናስተላልፋለን። የሚተነብዩት እነሱ ናቸው። ተመልካች "ይዘንባል" አይልም። የሚለው "ይህን አየሁ" ብቻ ነው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ ጉዴ ሁሉ የመጣው ከሷ ነው።

መጀመሪያ የተመደብኩት ጎሬ ነበር። ጎሬ ላይ ሰማይ የሚባል ነገር አየሁ ለማለት ይከብደኛል። ግራጫ ደመና ዛፍ ላይ ተቀምጦ ይውላል፤ ጽፌ ጽፌ እጄ ራሱ ያውቀው ነበር። ከዚያ አሳይታ ወረወሩኝ። እዚያ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ወር ሙሉ "ደመና የለም፣ ደመና የለም" እያልኩ ስጽፍ እብድ ልሆን ምንም አልቀረኝም። የበረሃ አበሏ ጥሩ ነበረች፤ ያለቀችው ግን ለወባ መድኃኒት ነው። መንግሥት ከተለወጠ ከዓመት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተዛወርሽ ሲሉኝ እልል አልኩ። የት ብዬ ብጠይቅ መርካቶ አሉኝ። ሳቄ መጣ። መርካቶ ውስጥ ሰው ቀና የሚለው ጭነት ሲወርድበት ብቻ ነው፤ ማን ነው እዚያ ሰማይ የሚያየው?

ጣቢያው ከአንዋር መስጊድ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ በርበሬ ተራ ጥግ፣ የአንድ የመንግሥት መጋዘን ጣራ ላይ ነበር። ደንቡ ሣር ያለበት ገላጣ ሜዳ ይላል። መርካቶ ሣር ከየት ይምጣ? ሰው የሚቆምበት ሲያጣ በሬ አይሰማራም። ስለዚህ ሦስት ፎቅ ደረጃ ወጥተን ጣራው ላይ ነው የምንሠራው። ቴርሞሜትሮቹ የሚቀመጡባት በእግር የቆመች ነጭ የእንጨት ሣጥን አለች፤ የዝናብ መለኪያ አለ፤ የነፋስ መለኪያ አለ፤ አንዲት ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ መዝገብ። እና ጋሼ ተሰማ አሉ።

ጋሼ ተሰማ የጣቢያው ኃላፊ ነበሩ። አጭር፣ ቀጭን፣ ካኪ ካፖርታቸው ክረምት ከበጋ ከላያቸው የማይወርድ፣ ቆብ የሚያደርጉ ሰው። እኔ አሥራ ምናምን ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ምን ሊያስተምሩኝ ብዬ ነው የገባሁት። በመጀመሪያው ጠዋት ሰዓቱ ሲደርስ መዝገቡን ገለጥኩና ያለፈው ሰዓት የተጻፈውን አየት አድርጌ ልወጣ ስል፣ ቆባቸውን አውልቀው ገጹ ላይ ጣሉበት።

"ምነው ጋሼ?"

"የቀድሞውን ካየሽ ሰማዩን አታይም። ያንኑ ነው የምትገለብጪው።"

ልማዳቸው ነበር። ሰማዩን አይተው እስኪመለሱ ድረስ መዝገቡ በቆብ ይሸፈናል። ራሳቸው የጻፉትንም እንኳ ለራሳቸው አያሳዩትም። ከሰዓቱ አሥር ደቂቃ ቀድመው ይወጣሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ይቆማሉ። ነፋሱን በጉንጫቸው ይሰሙታል። ከዚያ ዓይናቸውን ይገልጡና ሁልጊዜ ከሰሜን ጀምረው ይዞራሉ። እኔ ደግሞ ቁንጢጥ ነኝ፤ እሳቸው ሲጨፍኑ እኔ እግሬን እያፈራረቅኩ እቆማለሁ። "አንቺ ልጅ፣ እግርሽን አሳርፊው፤ ሰማዩ የትም አይሄድብሽም" ይሉኛል። ይሄዳል እንጂ! በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሌላ ሰማይ ይሆናል፤ ይህን ደግሞ ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ የውሃ ታንከሯ ነገር ነበር። የመጋዘኑ የውሃ ታንከር ጣራው ላይ ቆማ ወደ ምዕራብ የሰማዩን አንድ ቁራጭ ትጋርዳለች። ጋሼ ተሰማ ለዚያች ቁራጭ ሲሉ የጣራውን ጠርዝ ዞረው፣ በስተኋላ ባለችው መወጣጫ ወርደው፣ ታንከሯን አልፈው ያያሉ። በየምልከታው። በዝናብም። "ጋሼ፣ ሙሉው ሰማይ እኮ አንድ ነው፤ ከታንከሯ ጀርባ ምን ልዩ ነገር ይኖራል?" አልኳቸው አንድ ቀን። "አላውቅም፤ ለዚያ ነው የምሄደው" አሉኝ። ሳቅኩባቸው። ፊት ለፊታቸው ነው የሳቅኩት፣ አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

ደመና እንዴት እንደሚሠራ በኮርስ ተምሬያለሁ፤ የገባኝ ግን እዚያ ጣራ ላይ ነው። አንድ የሚያዝያ ጠዋት ጠርዝ ላይ አቆሙኝና ቁልቁል ያለውን ቆርቆሮ ሁሉ አሳዩኝ።

"ያን ቆርቆሮ አሁን በእጅሽ ትነኪዋለሽ?"

"አልነካም፤ ያቃጥላል።"

"በላዩ ያለውም አየር እንደዚያው ነው። ይሞቃል። ሲሞቅ ይቀላል፤ ሲቀል ሽቅብ ይወጣል። ባዶውን ግን አይወጣም። ከእርጥብ መሬቱ፣ ከቦዩ፣ ከዚህ ሁሉ ሰው ትንፋሽ የወሰደውን እንፋሎት ይዞ ነው። ላይ ሲደርስ ይበርደዋል፤ ሲበርደው እንፋሎቱን መያዝ ያቅተዋል፤ እንፋሎቱ ውሃ ይሆናል። ጠብታዋ ግን መቀመጫ ትፈልጋለች።"

"ምን ላይ ነው የምትቀመጠው?"

"አቧራ ላይ። ጭስ ላይ። የእትዬ ዘይነባ የበርበሬ ብናኝም ላይ ትቀመጥ ይሆናል።"

ከዚያ በጣታቸው እያሳዩ ቀጠሉ። እንደ ጎመን አበባ ጫፉ ጉብ ጉብ ያለው፣ ሥሩ ጠፍጣፋ የሆነው ክምር ደመና ነው፤ መዝገቡ ላይ ኩሙለስ ብለን የምንጽፈው። ሥሩ በቢላ የተቆረጠ የመሰለው እንፋሎቱ ውሃ መሆን የሚጀምርበት ከፍታ ለሁሉም አንድ ስለሆነ ነው። አየሩ ሳይቸኩል፣ ሰፋ ብሎ ሲነሣ ደግሞ ንጣፍ ደመና ይመጣል፤ የጎሬዬ ግራጫ እሱ ነበር። ከሁሉ በላይ፣ ብርዱ ከሚያንቀጠቅጥበት፣ ላባ ደመና አለ፤ ሲረስ። እሱ ውሃ አይደለም፤ የበረዶ ቅንጣት ነው። መሃል ያሉትን የበግ መንጋ የመሰሉትን በጣት ነበር የሚያስለኩኝ። "ክንድሽን ዘርጊ። ትንሿ ጣትሽ ከሸፈነቻት ከላይኞቹ ናት። ሦስት ጣት ካልበቃት ከታችኞቹ ናት። መሃል ከሆነች መሃል ናት።" እስከ ዛሬ ታክሲ ስጠብቅ ክንዴን ዘርግቼ ስለካ ታክሲው እኔን ብሎ ይቆማል።

የሚፈሩት አንድ ደመና ነበር። ክምሩ ማደጉን ካላቆመ፣ ሙቀቱ ወደ ላይ እየገፋው ተራራ ያክላል፤ ነጎድጓዱም በረዶውም ከሱ ነው። ኩሙሎኒምበስ ይባላል፤ እኛ በአጭሩ ሲቢ እንለዋለን። ከዚያ በላይ መውጣት ሲያቅተው አናቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ወደ ጎን ይዘረጋል፣ ልክ አንጥረኛ ብረት እንደሚቀጠቅጥበት መስፍ። "ይኸውልሽ" አሉኝ፣ "የመስፉ ጫፍ ብቻውን ከታየሽ ላባ ነው የሚመስለው። ስንቱን ተመልካች አሳስቷል። ላባ ባየሽ ቁጥር ሥሩን ፈልጊ። ሥር ከሌለው ላባ ነው። ሥር ካለው ሮጠሽ ደውዪ።" ጻፍኩት። አጠናሁት። አውቀው ነበር።

አሁን ስለ እትዬ ዘይነባ ልንገራችሁ። ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ በርበሬ ተራ ላይ ስማቸው የተከበረ ነጋዴ ነበሩ። ቤታቸው ከጣቢያችን በአንዲት ጠባብ መተላለፊያ ማዶ ነው። ባለ አንድ ፎቅ፣ ላዩ ጠፍጣፋ ሲሚንቶ፤ እዚያ ላይ ነው ዛላ በርበሬያቸውን የሚያሰጡት። ከገጠር የሚመጣው በርበሬ እርጥበት ይዞ ነው፤ ፀሐይ ካልጠገበ ይሻግታል፤ ወፍጮም አይቀበለውም። እኔ ከላይ ነኝ፣ እሳቸው ከታች፣ በየማለዳው ነጠላቸውን አገልድመው ቀና ይላሉ፦

"ጋሼ ተሰማ! ላስጣ?"

"ሦስት ስምንተኛ ክምር ነው፣ ዘይነባ። ነፋሱ ከምሥራቅ ነው።"

"እሱን ተውትና፣ ላስጣ ወይ?"

"ያየሁትን ነገርኩሽ።"

"ሱብሃነላህ! የኚህ ሰውዬ ነገር!" ብለው ወደ እኔ ይዞራሉ። "አስኩ፣ አንቺ ንገሪኝ።"

እኔ ደግሞ አላሳፍራቸውም። "ያስጡ እትዬ ዘይነባ!" ወይ "ዛሬስ ይቅርብዎ!" እላለሁ። ብዙ ጊዜ ይሰምርልኛል። ሲሰምርልኝ ደግሞ አቤት ደስ ሲለኝ! ስሜ ተራውን ዞረ። አቡጀዲ ሻጩ ይጠይቀኛል፣ ሚዛን ጠጋኙ ይጠይቀኛል፣ ሠርግ ያለበት ሰው ድንኳን ሊተክል ሲል ጎራ ይላል። ጎሬና አሳይታ ለማንም የማይረባ ሰማይ ስጽፍ ኖሬ፣ እዚህ ሰው አፌን ይጠብቅ ጀመር። ጋሼ ተሰማ አንድ ቀን ብቻ ተናገሩኝ። "አስካለ፣ እኒህ ሴት እኮ ባንቺ ቃል ነው በርበሬያቸውን የሚዘረጉት" አሉኝ። "እሱማ!" አልኳቸው፣ ኮራ ብዬ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ጡረታ ወጡና አማኑኤል ወዳለው ቤታቸው ገቡ። ቆባቸውን ትተውልኝ ሄዱ፤ መዝገቡን ልሸፍንበት። ለተወሰነ ጊዜ ሸፍኜበታለሁ።

ከዚያ የፎቅ ዘመን መጣ። መርካቶ ውስጥ ያለ ቦታ ሁሉ ተቆፈረ፣ እንጨት ቆመ፣ ሲሚንቶ ተቦካ። ከጣቢያችን በስተሰሜን የነበሩት የጨርቃ ጨርቅ ሱቆች ፈረሱና ስድስት ፎቅ ተነሣ። እያየሁት ነው የወጣብኝ። መጀመሪያ የእንጦጦ ግርጌ ጠፋ፤ ከዚያ ወገቡ፤ ከዚያ ጋራው ከነሰማዩ ተሸፈነ። ለአለቆች ደብዳቤ ጻፍኩ፤ "ተመልክተነዋል" የሚል መልስ መጣ። ደግሜ ጻፍኩ። አዲሱ አለቃችን ወረቀት የሚወድ፣ ደረጃ የማይወድ ሰው ነበር፤ በስልክ "የማይታየውን በሚታየው ገምቺ፤ ደንቡ ይፈቅዳል" አለኝ። እውነቱን ነው፣ እንዲያ ይሠራል። የተጋረደውን ክፍል ከሚታየው ጋር አንድ አድርጎ መቁጠር ተመልካች ሁሉ የሚያደርገው ነው።

መፍትሔ ግን ነበረው። ደረጃውን ወርጄ፣ መንገዱን ተሻግሬ ሚዛን ጠጋኙ ጥግ ድረስ ብሄድ ፎቁ አይጋርድም፤ ሰሜን ወለል ብሎ ይታያል። ከእትዬ ዘይነባ በር ስልሳ እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። መጀመሪያ በየምልከታው እሄድ ነበር። ኋላ ጠዋት ጠዋት ብቻ ሆነ። ኋላ ደግሞ ሲመቸኝ። ከሸቀጡና ከተሸካሚው ጋር እየተጋፋሁ፣ "ዞር በይ!" እየተባልኩ፣ አየሁትም አላየሁትም ያው ክምር ነው እያልኩ ተውኩት። ቆቡም ምስማር ላይ ተሰቅሎ ቀረ።

ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ ፋሲካ አልፎ የሠርግ ሰሞን። እትዬ ዘይነባ የሦስት ሠርግ በርበሬ ትእዛዝ ተቀብለው ጣራቸው ከዳር እስከ ዳር ቀይ ሆኗል። ጠዋት "ላስጣ?" ብለውኝ "ያስጡ!" ብያለሁ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ወጣሁ። ያለፈውን ሰዓት አይቼ ነው የወጣሁት። በሚታየኝ ሰማይ ላይ ሦስት ስምንተኛ ክምር፣ ሥሩ ጠፍጣፋ፣ ጨዋ። ከፎቁ አናት በላይ ደግሞ ነጭ፣ ስስ ነገር ብቅ ብሏል። ላባ አልኩ። ሲረስ ብዬ ጻፍኩ። ጉርምርምታም ሰምቻለሁ፣ አልዋሽም። ብረት ተራ ጭነት እያወረዱ ነው አልኩ፤ ቀኑን ሙሉ እንዲያ ነውና የሚያንጓጓው።

ቁልቁል ወደ መንገዱ አየሁ። ለጁምዓ የመጣው ሰው መስጊዱን ሞልቶ፣ ምንጣፍ እያነጠፈ መንገዱን ሁሉ ይዞታል። "በዚህ መሃል እንዴት ይታለፋል?" አልኩ። እንዲህ ብዬ ለራሴ ስናገር ድምፄን ራሱ አስታውሰዋለሁ።

እትዬ ዘይነባ ከጣራቸው ቀና አሉ። "አስኩ፣ ልሰግድ ነው። ላንሳው ወይስ ይቆይ?"

ያቺ ናት። ያቺ ቃል ናት። "ይቆይ፣ ምንም የለም፤ ተረጋግተው ይስገዱ!" አልኳቸው።

ሩብ ሰዓት አልሞላም። ፀሐይዋ ጋዝ እንዳለቀበት ፋኖስ ፈዘዘች፤ ነፋሱ ዞሮ ቀዘቀዘ። ከፎቁ ጀርባ ጥቁር ነገር በሁለቱም ጎን ወጣ። ከዚያ በረዶው ወረደ። የመርካቶ ቆርቆሮ በረዶ ሲወርድበት ሰው የራሱን ድምፅ አይሰማም። እትዬ ዘይነባ በብረት መሰላሉ ሮጠው ሲወጡ አየኋቸው፤ ባዶ እግራቸውን ነበሩ፤ በርበሬውን በክንዳቸው ወደ መሃል ይጠርጋሉ። "ይተዉት! ይውረዱ! እትዬ ዘይነባ፣ ይውረዱ!" እያልኩ ጮህኩ። አይሰማም። ከመተላለፊያው ማዶ ናቸው፤ እጄን ብዘረጋ የምነካቸው እየመሰለኝ አይሰሙኝም። ጠርዙ ጋ ደርሰው፣ ጆንያ ይዘው፣ እግራቸው ወደ መሰላሉ ሲዞር አዳለጣቸውና ወደቁ።

ዳሌያቸው ተሰበረ። ሰው ተረባርቦ በጋሪ አወጣቸው። እኔ ምን እንዳደረግሁ ታውቃላችሁ? ሰዓቱ ሲደርስ የዝናብ መለኪያውን አንሥቼ ለካሁ። ሁለቴ አነበብኩት። ከዚያ መዝገቡ ፊት ተቀመጥኩ። በእርሳስ ነው የምንጽፈው፤ ቀለም በዝናብ ስለሚፈስ። ላጲሱን አነሣሁና የስድስት ሰዓቱን "ሲረስ" አጠፋሁት። በቦታው "ሲቢ፣ በስተሰሜን" ብዬ ጻፍኩ። ማንም አላየኝም። እስከ ዛሬም ማንም አልጠየቀኝም።

በማግስቱ አማኑኤል፣ ጋሼ ተሰማ ቤት ሄድኩ። መቀመጥ አልቻልኩም፤ ቆሜ ነው ሁሉንም የነገርኳቸው፣ ላጲሱን ጭምር። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ በወደድኩ።

"የሰሜኑን ሰማይ ከየት ሆነሽ አየሽው?" አሉኝ።

"አላየሁትም።"

"እንግዲያው ምንድን ነው የጻፍሽው?"

አለቀስኩ። ካለቀስኩ በኋላ "መዝገቡን በገዛ እጅሽ አስተካክይው፤ ሲቢው እንዲነበብ አንድ መስመር ብቻ አስምረሽበት፣ ያጠፋሽውን መልሰሽ ጽፈሽ። ለእኒያ ሴት ደግሞ ሂጂና ያላየሽውን ንገሪያቸው" አሉኝ። ሁለቱንም አደረግሁ። እትዬ ዘይነባ እግራቸው በክብደት ተወጥሮ፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝተው ሰሙኝ። ሰሜኑን እንዳላየሁ፣ ማየት እችል እንደነበር፣ ስልሳ እርምጃ እንደነበረ ነገርኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። "አላህ የጻፈው ነው፣ አስኩ። ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ" አሉ። ይቅርታ ነበር። ግን ከዚያ ቀን በኋላ "ላስጣ?" ብለው አልጠየቁኝም።

ያንን ነገር እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። ከሆስፒታል ወጡ፣ በምርኩዝ መሄድ ጀመሩ፤ መሰላሉን ግን መውጣት ቀረ፤ ጣራውን ለጨርቅ ነጋዴ አከራዩት። በርበሬያቸውን ደርቆ የመጣውን እየገዙ ምድር ቤት ይሸጣሉ። ሰላም ይሉኛል፣ ልጆቼን ይጠይቁኛል፣ ለበዓል በርበሬ ይልኩልኛል። ጥያቄዋን ብቻ ወሰዱብኝ። እኔም ከዚያ ወዲህ ለማንም "ይዘንባል፣ አይዘንብም" ብዬ አላውቅም። ቆቡን ከምስማሩ አወረድኩት። በየምልከታው ስልሳዋን እርምጃ ሄድኩ፣ ክረምት ከበጋ፣ ጉልበቴ እስኪያብጥ። ሚዛን ጠጋኙ "አንቺ ሴትዮ ምን ጠፍቶሽ ነው?" ይለኝ ነበር። ጋሼ ተሰማ ሲሞቱም ከቀብር ቀጥታ ለዘጠኝ ሰዓቱ ደርሻለሁ፤ ቢቀር እሳቸው ይቆጡኛል ብዬ።

በመጨረሻ ጣራው ላይ ማሽን ተከሉ። ሙቀቱን፣ ዝናቡን፣ ነፋሱን ራሱ ለክቶ ራሱ የሚልክ ረጅም ምሰሶ። የተከሉት ልጆች ጨዋ ነበሩ። "ደመናስ?" አልኳቸው። "ደመና አያይም፣ እማማ" አሉኝ። እኔም አብሬው ሁለት ዓመት ሠርቼ ጡረታዬ ደረሰ።

ባለፈው ዓርብ በርበሬ ልገዛ እትዬ ዘይነባ ዘንድ ሄድኩ። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ግቢ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው አንድ ጆንያ ዛላ አለ፤ የወንድማቸው ልጅ ከገጠር የላከው፣ እርጥብ። ጭናቸው ላይ ሸራ አጥፈው ይዘዋል። ሰላምታውን ጨረስን። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

"አስኩ፣ ላስጣ?"

"እትዬ ዘይነባ፣ እኔ እኮ ጡረታ ወጥቻለሁ።"

"ሰማዩም ጡረታ ወጣ እንዴ?"

"ይቆዩኝ" አልኩና ወጣሁ። የጁምዓ ሰዓት ነበር። መንገዱ ዳር እስከ ዳር ምንጣፍ፤ ሰው ተቀምጦ ስብከቱን ያዳምጣል። ያው ቀን መጣብኝ። ጫማዬን አውልቄ በእጄ ያዝኩና ዳር ላይ ለተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብዬ "አባባ፣ ይቅርታ፣ ሚዛን ጠጋኙ ጋ ልለፍ" አልኳቸው። የምንጣፋቸውን ጠርዝ አጠፍ አድርገው ጉልበታቸውን ሰበሰቡልኝ። አጠገባቸው ያለውም ሰበሰበ። ቀጥሎ ያለውም። አለፍኩ። ለካ ይታለፋል! ያን ቀንም ወርጄ ብጠይቅ ኖሮ ይህንኑ ያደርጉልኝ ነበር። እዚያው ጥግ ላይ ቆሜ፣ ጫማዬን እንደያዝኩ፣ እንባዬ መጣ።

ጠርጌው ሰሜንን አየሁ። እንጦጦ ላይ አራት ክምር። ሦስቱ ትንንሽ ናቸው፤ አንዱ ከነሱ ረዘም ይላል፣ ጫፉ ግን ገና ጉብ ጉብ ያለ፣ ጥርት ያለ ነው። ላባ የለውም። ተመለስኩ።

"አንዱ እያደገ ነው። የት እንደሚደርስ አላውቅም" አልኳቸው። "እርስዎ ያስጡት። እኔ የትም አልሄድም።"

ሸራውን ሰጡኝ፤ አብረን ዘረጋን። "እንግዲያው ልስገድ" አሉና ምርኩዛቸውን ይዘው ገቡ።

ያቺን ሰዓት እንዴት እንዳሳለፍኳት! ስልሳ እርምጃ ሄጄ አያለሁ፣ ስልሳ እርምጃ ተመልሼ በርበሬውን በእጄ እነካለሁ፣ ደግሞ እሄዳለሁ። ሽማግሌው በሦስተኛው ላይ ሳልጠይቃቸው ጉልበታቸውን ሰበሰቡልኝ። ሕዝቡ ለሶላት ሲነሣ በረድፉ ኋላ ዞርኩ። ረዥሙ ክምር አንድ ጊዜ አደገ፤ ቀጥሎ ስሄድ ጫፉ ተፍረክርኮ ወደ ምሥራቅ ጋደል ብሏል። ከበሩ ውስጥ የእትዬ ዘይነባ ድምፅ ቀስ ብሎ ይሰማል። አልቸኮሉም። አንዴም ወጣ ብለው ሰማዩን አላዩም።

ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ፣ ስመለስ ጨርሰው ወጥተው በርበሬው አጠገብ ቆመዋል።

"ምን አየሽ?" አሉኝ።

ያየሁትን ነገርኳቸው።